ባልጩትና ኅሊና

በሰሜን አሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት የብርድ ሳምንታት እንግዳ የሚመስል የአደን ወቅት ይከፈታል። የዚህ ወቅት ፈቃድ ያወጣ ባለጠመንጃ ዋላ ሊገድል የሚችለው ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል በዘንግ እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ፣ እሳቱንም ከባልጩት የሚያገኝ የጥንት አሠራር ጠመንጃ ከያዘ ብቻ ነው። ወቅቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በቤቱ ባለ መነጽርና ደጋግሞ ተኳሽ ጠመንጃ ያለው ሰው፣ ያን በስፍራው ትቶ የዐሥራ ስምንተኛውን ክፍለ ዘመን ነፍጥ በትከሻው አንግቦ ወደ ጫካ ይገባል። ዋላ የተባለውም የኢትዮጵያ አንባቢ የሚያውቀው አጋዘን አይደለም። የአጋዘን ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል፤ የዚህኛው ቀንድ ግን በየዓመቱ እየረገፈ እንደገና ይበቅላል፤ ጅራቱም ከሥሩ ነጭ ነው።

ከዚህ ተግባር የሚመነጨው የሥነ ምግባር ጥያቄ ከአደን የሰፋ ነው። ሰው ባለው ኃይል ሁሉ አለመጠቀሙ፣ አቅሙን በገዛ ፈቃዱ መገደቡ፣ ግድያውን ፍትሐዊ ያደርገዋልን?

ያደርገዋል የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1887 ያቋቋመው የቡንና ክሮኬት ክበብ፣ አዳኙ በአራዊቱ ላይ ተገቢ ያልሆነ ብልጫ ሊኖረው አይገባም የሚለውን አቋም ዋና መመሪያው አድርጎታል። የስፓኙ ፈላስፋ ኦርቴጋ ኢ ጋሴትም እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ አደን በጻፈው ድርሰት፣ የሰው አእምሮ የፈጠረው መሣሪያ አራዊቱን ፈጽሞ የሚያጠፋ እየሆነ በሄደ መጠን አዳኙ ራሱን መግታት እንደ ጀመረ ያስረዳል፤ ማምለጥ የማይቻልበት አደን በእርሱ አመለካከት አደን መሆኑ ይቀራል።

የጠመንጃው አሠራር የክርክሩ መሠረት ነውና በቅርብ መታየት ይገባዋል። አዳኙ በመጀመሪያ የተለካ ጥቁር ባሩድ በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ ቀጥሎም ክብ የእርሳስ አረር በቅባት በራሰ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በዘንግ እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። ከጠመንጃው ጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ደግሞ የላመ ባሩድ ይነሰንሳል። ምላጩ ሲሳብ በመዶሻው መንጋጋ የተያዘው ባልጩት ብረቱን ይፍቃል፤ ፍንጣሪው በሳህኑ ላይ ያርፋል፤ እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ አረሩ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በብልጭታውና በተኩሱ መካከል ያለችው ቅጽበት፣ አጭር ብትሆንም፣ ተኳሹ ጠመንጃውን እንዲያነቃንቅ፣ ዋላውም እንዲደነብር ትበቃለች። ጤዛ ወይም በረዶ የነካው ባሩድ ጨርሶ አይነድም። ዳግመኛ ለማጉረስ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያው ዋላው ኮረብታውን ተሻግሯል። ስለዚህ ጠንቃቃው አዳኝ ከሰባና ሰማንያ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ቆመ ዋላ አይተኩስም።

ይሁን እንጂ ነፍጡ በራሱ ጨዋ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ታሪክ አይደግፈውም። በዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የክሪክና የቸሮኪ አዳኞች ከነጋዴ በለወጡት በአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ የገደሉት ዋላ ቆዳ በየዓመቱ በዐሥር ሺዎች እየተቆጠረ በቻርለስተን ወደብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር፤ በዚያም ሱሪ፣ ጓንትና የመጽሐፍ ሽፋን ይሆናል። መሣሪያው አዝጋሚ ነው፤ ገበያው ግን አልነበረም። በኋላ ደጋግሞ ተኳሹ ጠመንጃና የባቡር ሐዲዱ ሲጨመሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በመላ አገሪቱ የቀረው ነጭ ጅራት ዋላ ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመታል። ዛሬ ቁጥሩ በብዙ ዐሥር ሚሊዮኖች የሚነገርለት ይህ እንስሳ የተረፈው የዱር ሥጋ ንግድ በሕግ ስለ ተከለከለና የአደን ወቅት ስለ ተወሰነ እንጂ፣ ጠመንጃ ስለ ደከመ አይደለም።

የላንካስተር ጠመንጃ ሠሪዎች ረጅሙን ነፍጥ ሲሠሩ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አልነበራቸውም። የዚያን ጊዜው ገበሬ የልጆቹን ሥጋ ፍለጋ ሲወጣ ደጋግሞ ተኳሽ ጠመንጃ ቢሰጡት ኖሮ ነፍጡን በደስታ በጣለው ነበር። እንግዲህ የዛሬው አዳኝ የሚወርሰው ዕቃውን እንጂ ትሩፋቱን አይደለም፤ ትሩፋት ካለ የራሱ የዛሬ ምርጫ ውጤት ነው። ይህ ደግሞ ከጾም ጋር ይመሳሰላል። የሚበላው ያጣ ሰው ጾመኛ አይባልም፤ ጾም ሞሰቡ ሙሉ ሆኖ እጅን መሰብሰብ ነው። ነገር ግን ጾመኛው የሚጎዳው ቢኖር የራሱን ሥጋ ብቻ ነው። አዳኙ በራሱ ላይ የጫነው ችግር ሲያሰናክለው ግን ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ አይደለም፤ በሆዱ አረር ይዞ የሚሸሸው ዋላ ነው።

የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የደካማ መሣሪያ ተከራካሪዎች «ለእንስሳው ዕድል ሰጠነው» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላሉ። ሳይነካ ማምለጥ ዕድል ነው፤ ቆስሎ ማምለጥ ግን ከመሞትም የከፋ ነው። የነፍጡ ድክመት የመጀመሪያውን ዕድል የሚያሰፋው አዳኙ ወደ ዋላው እስኪጠጋ ከታገሠና ከተጠራጠረ ምላጩን ከተወ ብቻ ነው። ካልታገሠ የሚያሰፋው ሁለተኛውን ነው። አልዶ ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ፣ አዳኝ የሚያጨበጭብለትም የሚወቅሰውም ተመልካች እንደሌለው፣ ዳኛው የገዛ ኅሊናው እንደሆነ አስገንዝቧል።

ሕግ ይህን ክፍተት ለመሙላት ቢሞክርም ገበያው ቀድሞ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ቶኒ ናይት የተባለ ጠመንጃ ሠሪ፣ ማቀጣጠያው ከአፈሙዙ ጋር በአንድ መሥመር የሆነ አዲስ ዓይነት የአፈሙዝ ጎራሽ ለሽያጭ አቀረበ። መነጽር ሲገጠምለት፣ ክቡ አረር በሾጣጣ ሲተካ፣ ስሙ ብቻ ጥንታዊ የሆነ ዘመናዊ መሣሪያ ተገኘ። ኮሎራዶ በዚህ ወቅት መነጽርን ከለከለች፤ ፔንሲልቫኒያ የገናውን ወቅት ለባልጩት ብቻ ጠበቀች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች በሩን ከፈቱ። አዲሱ ጠመንጃ በትክክል የሚመታ በመሆኑ የሚቆስለውን ሊቀንስ እንደሚችል ግን መካድ አይገባም። ተኩላና የተራራ አንበሳ ከጠፉበት ጫካ የዋላው መንጋ በዝቶ ችግኙን ሁሉ ሲግጥ ያየ የደን ባለሙያም የሚመኘው ሥራውን በቶሎ የሚጨርስ አዳኝ ነው፤ የአዳኙ ትዕግሥት ለእርሱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ባልጩት የያዘው አዳኝ ተኩሶ ከፊቱ ያለው ነጭ ጭስ ብቻ ነው፤ መምታት አለመምታቱን ወዲያው አያይም። ጭሱ እስኪገፈፍ ቆሞ፣ ጠመንጃውን ደግሞ አጉርሶ፣ ዋላው ወደ ቆመበት ስፍራ ይሄዳል፤ በበረዶው ላይ ጎንበስ ብሎ የጸጉር ቁራጭና የደም ጠብታ ይፈልጋል። ደንቡ የቆሰለውን ለማግኘት ተገቢ ጥረት እንዲያደርግ ያዝዘዋል፤ ተገቢ የሚባለው ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልወሰነለትም፤ በጥር ወር ደግሞ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ገና ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።