በሰው ጓዳ ያለ ወርቅ ይቆጠራልን?

ለመሆኑ ማመንና መቆጣጠር አብረው ይሄዳሉን? አደራ ያስቀመጥንበትን ሰው «እስቲ አውጣና አሳየኝ» ማለትስ አለማመናችንን ፊት ለፊት መንገር አይሆንምን? ጥያቄው የጎረቤታሞች ይመስላል፤ ነገር ግን ባለጸጋ መንግሥታትን ሳይቀር ያነታረከ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የጀርመን የወርቅ ክምችት ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምዕራብ ጀርመን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በንግድ ካተረፈችው ከፊሉን በወርቅ ትቀበል ነበር። አብዛኛው ወርቅ ግን አገሯ አልገባም። በኒውዮርክ፣ በለንደንና በፓሪስ በማዕከላዊ ባንኮች ምድር ቤት ተቀመጠ። የሶቪየት ታንክ በድንበሯ አጠገብ ተሰልፎ በነበረበት ዘመን ሀብቷን ማራቋ የሚያስወቅስ አልነበረም። ዘመኑ ሲያልፍ ግን ወርቁ እዚያው ቀረ። በ2012 ወደ 3,400 ቶን ከሚጠጋው ወርቋ በፍራንክፈርት የነበረው ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ኒውዮርክ ብቻ 45 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር።

በዚያው ዓመት የአገሪቱ ፌዴራል የኦዲት መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ገለጠ። በውጭ ያለውን ወርቅ ማዕከላዊው ባንክ ቡንደስባንክም ሆነ ገለልተኛ ኦዲተር በአካል ቆጥሮና መዝኖ አያውቅም ነበር። የነበረው ማስረጃ ባለአደራዎቹ ራሳቸው የሚልኩት የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው። ባንኩ በበኩሉ በእነዚህ ባለአደራዎች ታማኝነት ላይ ጥርጣሬ እንደሌለው መለሰ።

ውድ አንባቢ! መልሱ ጨዋነት ያለው ይመስላል። ለእኔ ግን ስሕተቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ወርቁ የባንኩ ሹማምንት ነውን? አይደለም፤ እነርሱም ራሳቸው የሕዝብ ባለአደራ ናቸው። ጉዳዩን በእድር እንየው። እኔ የራሴን ሺህ ብር ለወዳጄ ያለ ምስክር ብሰጥ መብቴ ነው፤ ምናልባትም ደግነት ይባልልኛል። የእድሩ ሊቀ መንበር ግን «ገንዘብ ያዡን ስለማምነው መዝገቡ አይመርመር» ቢል፣ የባልቴቶችንና የየቲሞችን ሐቅ ለራሱ ይሉኝታ መክፈያ ማድረጉ ነው። ቁርኣን ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም ሲያዝዝ የተናገረው ለጠላቶች ሳይሆን ለምእመናን ነው። ቀጥሎም እርስ በርስ የተማመኑ ቢኖሩ የታመነው ሰው አማናውን እንዲመልስ ያዝዛል። እኔ እንደሚገባኝ ምርመራን በመተማመን የመተው መብት የባለንብረቱ ነው። የሌላውን ንብረት የያዘ ሰው በምን ሥልጣኑ ይተወዋል?

መቆጠሩ ለባለአደራውም ይጠቅማል። የሶሓባው የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ታሪክ ይህን ያሳያል። ሰዎች ገንዘብ ሊያስቀምጡ ሲመጡ ዙበይር በአደራ አይቀበልም ነበር፤ እንዳይጠፋ ስለሚሰጋ «ብድር ይሁን» ይላቸው ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በፊቅህ «ወዲዓ» የሚባለው አደራ ያለ ባለአደራው ጥፋት ቢጠፋ ዕዳ የለበትም፤ ብድር ከሆነ ግን የግድ ይከፍላል። ሲሞት 2,200,000 ዕዳ ተገኘበት። ልጁ ዐብደላህ ከፍሎ ሲጨርስ ወራሾቹ ውርሱ ይከፈል ቢሉ እምቢ አለ፤ አራት ዓመት በየሐጁ ወቅት «በዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ» እያለ አስጠራ። ጠያቂ ሳይመጣበት ራሱ ጠያቂ ፈለገ ማለት ነው!

የአደራና የብድር ልዩነት በዛሬው የወርቅ ገበያም አለ። አንዱ ወርቅ ቁጥሩና ክብደቱ ተመዝግቦ፣ ለብቻው ተለይቶ የሚቀመጥ ነው፤ ባለቤቱ ይታወቃል። ሌላው ይህን ያህል ወርቅ አለብኝ የሚል የሒሳብ መዝገብ ብቻ ነው፤ ባንኩ ቢከስር አስቀማጩ ከገንዘብ ጠያቂዎች እንደ አንዱ ሆኖ ይሰለፋል። ስለዚህ «ወርቃችን አለ» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። የትኛው ጥፍጥፍ? ቁጥሩ ስንት? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቡንደስባንክም ኋላ ወደዚሁ መጣ። በ2013 ከኒውዮርክ 300፣ ከፓሪስ 374 ቶን እስከ 2020 እንደሚመልስ አስታወቀ። በመጀመሪያው ዓመት የገባው 37 ቶን ሲሆን ከኒውዮርክ የመጣው 5 ቶን ብቻ በመሆኑ «ወርቁ ተሸጧል፣ ጓዳው ባዶ ነው» የሚለው ወሬ ባሰ። ባንኩ በ2015 ጥፍጥፎቹን ከነክብደታቸውና ከነጥራታቸው የሚዘረዝር 2,300 ገጽ ገደማ ዝርዝር አወጣ። ማጓጓዙ ከታቀደው ቀድሞ በ2017 ተፈጸመ፤ የመጣው ተመርምሮም ጉድለት አልተገኘበትም። ወሬኞቹ ተሳሳቱ። ያስቆጠሩት ግን አልተሳሳቱም፤ ኒውዮርክንም ከሐሜት ያዳነው ያው ቆጠራ ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራ የማይደርስበት ነገር አለ። በመጋቢት 1939 የሂትለር ጦር ፕራግን ያዘ። የቼኮዝሎቫኪያ ወርቅ ከፊሉ ባዝል በሚገኘው የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ ስም ለንደን፣ በእንግሊዝ ባንክ ተቀምጦ ነበር። በቀናት ውስጥ የፕራግ ባንክ ኃላፊዎች በወራሪው አስገዳጅነት የፈረሙት ትእዛዝ ደረሰ። 23 ቶን ያህል ወርቅ ከአንዱ የሒሳብ ቁጥር ወደ ሌላው፣ ወደ ጀርመኑ ራይኽስባንክ ተዛወረ። ወረቀቱ የተሟላ፣ ፊርማው ትክክለኛ ነበር። በዚያ ዕለት ኦዲተር ቢገባ አንዲት ጥፍጥፍ አትጎድልበትም ነበር። ለመሆኑ በወራሪ ጠመንጃ ሥር የተፈረመን ትእዛዝ መፈጸም አደራን መጠበቅ ነውን? በእኔ እምነት አይደለም።

የቅርቡም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቬኔዝዌላ ከእንግሊዝ ባንክ 31 ቶን ያህል ወርቅ በ2018 ብትጠይቅ አልተሰጣትም፤ እንግሊዝ በ2019 ለማዱሮ ተቀናቃኝ ዕውቅና ከሰጠች በኋላ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ። የተከራከሩት ወርቁ አለ ወይስ የለም በሚል ሳይሆን «ባለቤቱ የሚባለው ማን ነው?» በሚል ነበር። ነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡልን ሲይዝ አሜሪካ ያገደችው 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል የአፍጋኒስታን ማዕከላዊ ባንክ ሀብት ውስጥም ወርቅ ነበረበት። የተራበው ሕዝብ ሀብቱ ስንት እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ማውጣት ግን አልቻለም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ አሳዳጆቻቸው የሆኑት የመካ ሰዎች ያስቀመጡት አማና በእጃቸው ነበር። ጠላትነቱን ምክንያት አድርገው አላገዱትም፤ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊን (ረ.ዐ.) ትተው ሄዱ።

ጀርመን በ2017 ማጓጓዙን ስትጨርስ ከወርቋ ግማሽ ያህሉን ፍራንክፈርት አስገብታ 1,236 ቶን ኒውዮርክ ትታለች። በ2025 አሜሪካና አውሮፓ በንግድ ቀረጥ ሲጋጩ አንዳንድ ጀርመናውያን ፖለቲከኞች ጉዳዩን እንደገና አነሱት። ባንኩም በኒውዮርክ ባለአደራው ላይ ጥርጣሬ እንደሌለው አሁንም መለሰ። ዝርዝሩ በእጁ ነው፤ በዋሽንግተን የሚቀመጠው መንግሥት ነገ ምን እንደሚያዝዝ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አልተጻፈም።