ስለ አንዲት መዘውርና ስለ ፈቃድ

የብዙዎች ችግር በአንድ ሰው ንብረት ላይ መብት ይሰጣልን? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ከዚህ በፊት በነበርንበት ሰፈር ግን እኛን መምህራኑን በአንድ የእጅ ሰዓት ምክንያት ሲያከራክረን ሰንብቷል።

የጤና ረዳቱ ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ቆመ። በሞላ የሚሠራ ሰዓት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የምትጎዳው ባላንስ የምትባለው፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ጊዜን የምትከፍለው መዘውር ናት። በብዙዎቹ የቆዩ ሰዓቶች በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ ትመታለች። የዘንጓ ጫፍ ውፍረት ግን የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ቢሆን ነው። ብሬጌ የተባለው ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1790 ገደማ ፓሪስ ላይ ይህን ጫፍ ከምት የሚያድን ሞላ አበጅቶ ነበር፤ የጤና ረዳቱ ሰዓት መከላከያ አልነበረውምና ጫፉ ተሰበረ። አዲስ ዘንግ ለመትከል ቶርኖ ያሻል። በወረንጦና በካቻቢቴ ብቻ ለሚሠራ ሰው የቀረው መንገድ መዘውሯን ከነቀጭን ሞላዋ ከሌላ ሰዓት አውጥቶ መተካት ነው፤ የዚያም ሰዓት ውስጡ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ተገኘ፤ ዋናው ሞላው የተበጠሰ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በመሐረብ ጠቅልላ የምታኖረው።

ግማሾቻችን «የማይሠራ ሰዓት ለማን ይበጃል? በዚያኛው የስንቱ ሕፃን ትንፋሽ ይቆጠራል» አልን። (ስልክ አለ የሚል ቢኖር ቻርጅ የሚደረግበትን ወረፋ የማያውቅ ነው።) አንዱም «ሰዓት ሠሪው ለጥገና ተቀብሎ መዘውሯን ቢያወጣና ክዳኑን ቢዘጋ ማን ያያል?» አለ። ማንም ላያይ ይችላል፤ ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲያ ጠቅልላ የምታኖረው ሌላ ነገር ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ችግር የመጠየቅ መብት ይሰጣል እንጂ የመውሰድ መብት አይሰጥም። መጠየቅም ዓይነት አለው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎረቤት ቆሞ እያየ፣ የታመመ ሕፃን ስም እየተጠራ ብትጠየቅ በይሉኝታ እሺ ትላለች፤ በይሉኝታ የተገኘ እሺ ክዳን ተከፍቶ በስውር ከተወሰደው በምን ይለያል? አገራችንንና ቤታችንን ያጣነው ማንም ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ነው። እምቢ ማለት የቀረላት አንዲት ሀብት ብትሆንስ?

ሰዓት ሠሪው በመጨረሻ ብቻውን ሄደ። ሰዓቷን ከፍቶ የሚወጣውን አሳያት፤ እንደማይመለስላትም ነገራት፤ ሦስት ቀንም ጠበቀ። እምቢ አለች። የጤና ረዳቱ ሰዓት እንደ ቆመ ተመለሰለት፤ ሰዓት ሠሪውም ለጠየቀው ሁሉ «ዕቃው አልተገኘም» ይል ነበር።