«ፓሲፋይ» ስለሚባለው ግሥ

ባለፈው መንፈቅ በትርጉም ኮርሳችን መምህራችን አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ወደ አማርኛ መልሱ» አሉን። ዓረፍተ ነገሯ የምታስፈራ አልነበረችም፤ ሹማምንቱ የተቆጣውን ሕዝብ «ፓሲፋይ» ለማድረግ ሞከሩ ነው የምትለው። ሹማምንቱንም ሕዝቡንም ሙከራውንም በአንድ ደቂቃ ጨረስናቸው። ግሡ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቆምን። አንዱ «አረጋጉ» አለ፤ ሌላው «አበረዱ» አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «አባበሉ» ስትል ክፍሉ ሳቀ፤ «ሕዝብ ሕፃን ነው እንዴ?» ያላት ነበር። አራተኛው «አስታገሡ» አለ። እኔ ደግሞ «ዝም አሰኙ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቴ ሲመለስልኝ በቀይ ቀለም «ጽሑፉ ይህን አይልም» የሚል ቃል ሰፍሮበት አገኘሁ።

ልክ ናቸው፤ ጽሑፉ ይህን አይልም። ሹማምንቱ ሕዝቡን ሰምተውት ይሁን ደልለውት፣ ጥያቄውን መልሰውለት ይሁን በዱላ በትነውት ዓረፍተ ነገሯ አትናገርም። ግን የዚህ ግሥ ጠባይ ይኸው አይደለምን? መካከል ላይ የሆነውን ሁሉ ሸፍኖ በመጨረሻ የመጣችውን ጸጥታ ብቻ ያሳየናል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውን ማረጋጋት መቼ ነው በጎ ሥራ የሚሆነው? መቼስ ነው በበደል ላይ በደል የሚሆነው?

ቃሉ የላቲን ልጅ ነው። «ፓክስ» ሰላም ማለት ነው፤ «ፋኬሬ» ማድረግ። ፓክስ ራሱ ደግሞ መዋዋልን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ጋር ዘመድ ነው፤ ውል የምንለውን እንግሊዞች «ፓክት» የሚሉትም ከዚያው ቤት ስለወጣ ነው። እንግዲህ ከሥሩ ብንይዘው ሰላም ማለት ሁለት ወገኖች ተቀምጠው የተስማሙበት ነገር ነበር። በ«ፓሲፋይ» ውስጥ ግን ያለው አንድ ባለቤትና አንድ ተሳቢ ነው። አንዱ ያረጋጋል፣ ሌላው ይረጋጋል። ውሉ የት ገባ? ተሳቢው ምን አለ? ግሡ አይጠይቅም።

የእኛን ግሦች ስናያቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ምሥጢር ያወጣሉ። «አስታረቀ» ስንል ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልገናል፤ የተጣሉ ሁለት፣ መካከል የገባ አንድ። ከተጣሉት አንዱን ብቻ ይዞ ያስታረቀ ሽማግሌ ኖሮም አያውቅ። «አረጋጋ» ግን አንድ ሰው ይበቃዋል። ረጋ የምንለው የደፈረሰ ውኃን ነው፤ ውኃው ሲረጋ ጭቃው አይጠፋም፣ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ። ማንም እግሩን ያስገባበት ቀን እንደገና ይነሣል። «አስታገሠ» ደግሞ ከትዕግሥት የወጣ ነው፤ ሸክሙን ከታጋሹ ጫንቃ ላይ አያወርድም፣ እንዲችለው ያደርጋል። የራስ ምታት ክኒን «ማስታገሻ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ክኒኑ በሽታውን እንደማያድን ስሙ ራሱ በሐቀኝነት ይናገራል። «ሸነገለ»ና «ደለለ» ዘንድ ስንደርስማ አማርኛ ፊት ለፊት ይፈርዳል፤ እነዚህን ቃላት የተጠቀመ ሰው ወገኑን ለይቷል ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትቶ «ፓሲፋይ» ይለዋል።

አሜሪካኖች ለሚያለቅስ ሕፃን አፍ የሚሰጡትን የጎማ ጡት ከዚሁ ግሥ አውጥተው «ፓሲፋየር» ይሉታል። በከተማችን ቤቶች ያ ዕቃ «የእንጀራ እናት» ሲባል እሰማለሁ። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጅ በነሣሁ! ለእንጀራ እናቶች ሁሉ ፍርዱ ትክክል ነው አልልም፤ ብዙ ደጎች አሉ። የስሙ ነገር ግን ግልጽ ነው። ጡት ይመስላል፣ ወተት የለውም። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። በእርግጥ ሕፃን የሚያለቅሰው በረኃብ ብቻ አይደለም፤ ጠግቦ እንቅልፍ እንቢ ላለው ልጅ ጎማው መልካም ነገር ነው። ጥፋቱ ረኃብና እንቅልፍ ማጣት ሳይለዩ አፍን መክደን ነው።

«ፓሲፋይ» አንድ ወንድም አለው፤ «አፒዝ» ይባላል። እሱም በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ከዚያው ከፓክስ የመጣ ነው። ሁለቱም ማብረድ፣ ማለዘብ ናቸው። ነገር ግን እንግሊዞች ሲጠቀሙባቸው ልብ በሉ። ፓሲፋይ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን፣ ሰልፈኛ፣ ያመፀ አውራጃ ነው። አፒዝ የሚደረገው ደግሞ ቁጡ አምላክ፣ ጉልበተኛ ጎረቤት፣ አምባገነን ነው። ደካማው ሲጮኽ ያባብሉታል፤ ብርቱው ሲጮኽ ይለማመጡታል። የአንድ አባት ልጆች ሆነው አንዱ ወደ ታች ያያል፣ ሌላው ወደ ላይ። የሚያሳዝነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው፤ ብርቱውን ለመለማመጥ የሚከፈለው ዋጋ ከደካማው ኪስ ይወጣልና።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን አገራችንን ስትወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይት ግን ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፣ የስዊዝ ቦይም ለጣልያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። በዲሴምበር ወር የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሙሶሊኒን ያበርዳል ያሉትን ዕቅድ አወጡ። ማብረጃው ምን ነበር? የኢትዮጵያ ሰፊ መሬት! ዕቅዱ በጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። የጣልያን ጦር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከሁለት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ ደግሞ በ1938 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ የቼኮዝሎቫኪያ መሬት ለሂትለር ማብረጃ ሆነ። «አፒዝመንት» የተባለው ቃል እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፓሲፋይም የራሱ ታሪክ አለው። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 በጻፈው በታወቀው የፖለቲካና የቋንቋ ጽሑፉ፣ መከላከያ የሌላቸው መንደሮች ከአየር ሲደበደቡ ድርጊቱ በዚህ ግሥ ስም እንደሚጠራ አሳይቷል። ፈረንሳዮች ከ1954 እስከ 1962 በአልጄሪያ ያካሄዱትን ሲጠሩት ይህንኑ ቃል ይጠቀሙ ነበር፤ ጦርነት ነበር ብሎ ፓርላማቸው በሕግ ያወቀው በ1999 ነው። አሜሪካኖች በበኩላቸው በ1967 በደቡብ ቬትናም ይህንኑ «የማረጋጋት» ሥራ የሚመራ ኮርድስ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። እውነቱን ለመናገር ክሊኒክና ትምህርት ቤትም ይሠራ ነበር፤ በዚያው ጥላ ሥር ግን ሰዎችን እያደኑ መያዝና መግደልም ነበረበት። መንደሮቹ በየወሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ ማርክ ይሰጣቸው ነበር። ማርክ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም! መንደሩ ኤ ሲያገኝ ገበሬው ምን እንዳገኘ ግን ማርኩ አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ረቂቁን አንብቦ «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው? ሁሉም እንደጮኸ ይኑር?» አለኝ። የለም፣ እንዲህ አላልሁም። ዱላ ይዞ የሚሮጥን ሰው መጀመሪያ መያዝና ማብረድ ግድ ነው፤ ፍርድ የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ለቅሶ ቤት የምናደርገውም መልካም ነው። ልጇ የሞተባትን እናት ገና ስንገባ «ዝም በይ» አንላትም፤ አብረናት እናለቅሳለን፣ አብረናት እናድራለን፣ ከዚያ እናጽናናታለን። ማጽናናት ከመጽናት ነው፤ በእግሯ እንድትቆም ማድረግ ነው። ሞትን መመለስ ስለማይቻል ከዚህ የበለጠ ልንሰጣት የምንችለው የለም። የኔ ጥያቄ መመለስ የሚቻል ነገር እያለ ስለሚሰጠው መጽናኛ ነው።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ አረፉ። አልጋ ላይ በዋሉባቸው ሰባት ዓመታት ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው የአባቴ ታላቅ እኅት ነበረች፤ በቤታቸው አብራ ትኖር ነበር። አርባቸው በወጣ ማግስት ወንድሞቿ ቤቱን ለመሸጥ መስማማታቸውን ሰማች። አባቴም አንዱ ነው። ዘመድ በተሰበሰበበት ተነሥታ «እኔስ የት ልግባ?» ብላ ጮኸች። ሽማግሎች ከበቧት። «ተይ እንጂ፣ የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ!» አሏት። «ነገ ረጋ ብለን እንነጋገራለን» አሏት። አንዱ ግንባሯን ሳሟት። እኔም አንጀቴ ተላውሶ ውኃ በጣሳ አመጣሁና «እትዬ፣ በቃሽ በሞቴ» አልኋት። ጠጣች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ዝም አለች። ሽማግሎቹ «ተባረክ» ብለው መረቁኝ። የተባለው «ነገ» ግን አልመጣም። ቤቱ ተሸጠ፤ እሷ ዛሬ በአንዲት የኪራይ ክፍል እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች።

የመምህራችንን ወረቀት በተቀበልሁበት ዕረፍት ሄጄ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋት። «ውኃውን አዝነህ እንዳመጣህልኝ አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን እኮ ልጄ፣ ያን ቀን ጉሮሮዬ ደርቆ አልነበረም። ነገሬ ነበር ያላለቀው።»

ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንዲት መፈተኛ አበጅቻለሁ። ሰውየው ዝም ካለ በኋላ ያረጋጋው ሰው ወዴት ሄደ? ወደ ነገሩ ከሄደ ማረጋጋቱ የፍርድ መጀመሪያ ነበር፤ ደግ አደረገ። ወደ ቤቱ ሄዶ ከተኛ ግን ያረጋጋው ሌላውን አልነበረም፣ ራሱን ነው፤ የሚያስቸግረው ጩኸቱ እንጂ በደሉ አልነበረም ማለት ነው። ሽማግሎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እኔም ክፉ ልጅ አልነበርሁም። ሁላችንም አዝነን ነበር። ሐዘናችን ግን የእሷን ጩኸት ፈርቶ በጣሳ ውኃ ላይ ቆመ።

ወደ ቤት ተመልሼ ነገሩን ለአባቴ አነሣሁበት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለና «የቆየ ነገር አትቆስቁስ፤ ተረጋጋ» አለኝ። ያን ጊዜ ግሡን ከተሳቢው ወገን ሆኜ ቀመስሁት። አልመለስሁለትም። ለመጪው ዕረፍት ግን ሁለት ሽማግሎች ለምኛለሁ፤ አባቴና አጎቶቼ በአንድ ወገን፣ አክስቴ በሌላው ወገን ሆነው አንድ ምንጣፍ ላይ እንዲቀመጡ። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሽማግሎቹን የለመንኋቸው ግን እንዲያረጋጉልኝ አይደለም፤ እንዲያስታርቁልኝ ነው።