ከጎዳና ስለ ተነሣ ቡችላ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ፣ ከሙቀቱ አገር አንሥቶ እስከ ጦሳ ግርጌ ብርድ ያደርሳል። በዚህ መንገድ፣ ከመናኸሪያ አጥር ሥር የተገኘ ቡችላ በጋቢ ተጠቅልሎ ወደ ደሴ መጣ እንበል። ያነሣው ሰው መምህር ነው፤ ልጆችም አሉት። ቡችላው ከቤት እንደ ገባ የጫማ ማሰሪያ ይጎትታል፤ ረከቦት ይገለብጣል፤ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ኋላውን ከፍ አድርጎ ለጨዋታ ይጋብዛል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ አባታቸውም መልካም ሥራ እንደ ሠራ ይሰማዋል። ልመረምረው የፈለግሁት ይህን ስሜት ነው።

ከዚያው አጥር ሥር እከክ የወረሰው ያረጀ ውሻ ተኝቶ ነበር፤ እርሱን ግን ያነሣው የለም። እንግዲህ ርኅራኄው ከደስታ ጋር ተቀይጦ የመጣ ነው። በዚህ መምህሩን አልወቅስም፤ ሕፃንንም ቢሆን መጀመሪያ የምንወድደው በሳቁ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ለምስክርነት አይበቃም።

የጎዳና ውሻ በሕይወት የሚቈየው ሰውን በመጠርጠር ነው። የተዘረጋ እጅ ሲያይ ያፈገፍጋል። በከተሞቻችን ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ መግደል ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ስለ ሆነ፣ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡችላን ከቤት ስናስገባ ፍርፋሪና ሙቀት እንሰጠዋለን፤ በለውጡም ያንን ጥርጣሬ እንወስድበታለን። ከጥቂት ወራት በኋላ አድጎ ንክሻው ሲያም፣ ሌሊት ሲጮኽ፣ ቀለቡም ሲበዛ፣ «ውሻ ራሱን ይችላል» ብሎ በሩን መክፈት የተለመደ ነው። ራሱን የሚችልበትን መሣሪያ ግን ቀድሞ የነጠቅነው እኛ ነን። እጅ ባየ ቍጥር ጅራቱን እየቈላ ይቀርባል፤ እጁ የያዘውን አያውቅም። ሰው «ባጎረስሁ እጄን ተነከስሁ» እያለ ሲያማርር ኖሯል፤ ውሻው አንደበት ቢኖረው ግን የሚያቀርበው ክስ ከዚህ የከበደ ይሆን ነበር።

የጎረቤትም ነገር አለ። በደሴ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ውዱእ አድርገው ለሶላት የተነሡ አንድ አባት ላይ ቡችላው ቢዘልል፣ ለቡችላው ጨዋታ ነው፤ ለእርሳቸው ግን እንደገና መታጠብ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር፣ ይታጠባል። ይህ ጭካኔ እንዳይመስለን፤ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ሐዲስ ያስተምራል፤ በመጽሐፈ ጦቢትም የጦብያን መንገድ ውሻ ተከትሎታል። ስለዚህ ቡችላውን ማሠልጠንና መጠበቅ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ የእርሱን ደግነት ጎረቤቱ ሊከፍልለት አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። ቡችላ ደግሞ የሚጫወተው በጥርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል፤ መግደሉ ግን በሽታውን አላጠፋውም። ሦስት ወር ሲሞላው ማስከተብ፣ በጊዜውም ማስደገም፣ የተነከሰን ሰው ቍስል ወዲያው 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ሐኪም መውሰድ የሚያቅት ነገር አይደለም። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አላት፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ይሰጣል፤ ትምህርቱን ማለቴ ነው።

መምህሩ ቡችላውን በጋቢው ሲጠቀልል ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላሰበም። አስቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትቶት በሄደ፤ ቡችላውም ሌሊቱን ባላለፈው ነበር። ይህ ያስጨንቀኛል፤ ሳያስብ ማንሣቱንም ልነቅፍ አልደፍርም። የማሰቢያው ጊዜ ማግሥቱ ነው፤ የጎረቤትን በር አንኳኵቶ መንገር፣ የክትባቱን ቀን መጠየቅ፣ ውሻ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚኖር ለልጆቹ ማስረዳት። ይህን የሰማው ትንሹ ልጅ፣ ያን ጊዜ እርሱ ስንት ዓመት እንደሚሆነው በጣቶቹ መቍጠር ይጀምራል።