የቀትሩ ሐሳብ፤ ስለማይለቅ ሐዘንና ድካም ምክንያትና ፈውስ

ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሰውን የሚከተል የመንፈስ መጫንና እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ዘመናዊው የሥነ አእምሮ ሕክምና ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በገዳማትና በመድረሳዎች ሲመረመር የኖረ ነው። በአማኙ ማኅበረሰብ ዘንድ ግን ዛሬ ጥያቄው ሳይመረመር ፍርዱ ይቀድማል፤ አንዱ እምነት የጎደለው ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ አለበት ይላል፣ ቤተሰቡም ሰውየው ሰንፏል ብሎ ይተወዋል። የጥንቶቹ መምህራን አካሄድ ከዚህ የተለየ ነበር፤ ከመፍረዳቸው በፊት ምክንያት ይፈልጉ፣ እንደ ምክንያቱም ልዩ ልዩ ፈውስ ያዝዙ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ የሐዘኑንና የድካሙን ምክንያት ፈልጎ ወደ ሐኪም የሚሄድ አማኝ የአባቶቹን መንገድ ይከተላል እንጂ ከእምነቱ አይወጣም።

ጉዳዩን በጥልቀት ከጻፉት ቀደምት መምህራን አንዱ በግብጽ በረሃ ኬልያ በተባለው የመነኮሳት ሰፈር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤዋግሪዮስ ዘጳንጦስ ነው። ኤዋግሪዮስ መነኩሴን የሚፈትኑትን ስምንት «ሐሳቦች» ዘርዝሯል፤ ሐሳብ ሲልም ሰው ሳይጠራው ወደ ልቡ የሚመጣውን፣ ገና የሰውየው ፈቃድ ያልሆነውን ነገር ማለቱ ነው። ሐሳቡ መምጣቱ በሰው እጅ አይደለም፤ ሰው የሚጠየቀው በልቡ እንዲሰነብት በመፍቀዱና ለግፊቱ በመታዘዙ ነው። ከስምንቱ መካከል ሐዘንን ለብቻው፣ በግሪክኛ አኬዲያ የተባለውን የነፍስ መታከት ደግሞ ለብቻው አስቀምጧቸዋል። ሐዘን የተመኙት ነገር ሲቀር ወይም ቁጣን ተከትሎ የሚመጣ ሲሆን፣ አኬዲያ ግን መላዋን ነፍስ የሚከብብ፣ ለምንም ነገር ጉልበት የሚያሳጣ ነው።

የአኬዲያ ሰዓት፣ እንደ ኤዋግሪዮስ አገላለጽ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ የጥንቱ የሰዓት አቆጣጠር ቀኑን ከንጋት የሚጀምር በመሆኑ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማስላት አያስፈልገውም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ የቆመች ትመስላለች፣ ቀኑም አያልቅም፤ መነኩሴው በመስኮቱ ደጋግሞ ይመለከታል፣ የምግብ ሰዓት የሆነው ዘጠኝ ሰዓት ስንት እንደቀረው ለማየት ከበኣቱ ይወጣል፣ የሚኖርበትን ቦታና የእጁን ሥራ ይጠላል፣ ከወንድሞች ዘንድ ፍቅር እንደጠፋ፣ የሚያጽናናውም ሰው እንደሌለ ይሰማዋል፤ ከዚያም ትቷቸው የመጣቸውን ዘመዶቹን ያስባል፣ የቀረው ዕድሜ እጅግ ረጅም ሆኖ ይታየዋል። ይህን ያነበበ ማንኛውም የጭንቀትና የድባቴ ሐኪም የሕሙማኑን ቃል ያገኝበታል፤ በተለይ «ማንም አይወደኝም» የሚለው እምነት ከድካሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ምልክት እንጂ ስለ ወንድሞች የተነገረ እውነት አለመሆኑን ኤዋግሪዮስ ለይቶ ማየቱ ታላቅ ማስተዋል ነው።

አባቶች ያዘዙት ፈውስም ከተግሣጽ ይልቅ ለደካማ የሚመጥን ሥርዓት ነበር። ስለ ታላቁ እንጦንስ በአበው ዜና እንደሚነገረው፣ በበረሃ ሳለ ይህ ታካችነትና የሐሳብ ጨለማ በያዘው ጊዜ መዳን እንደሚፈልግ፣ ሐሳቡ ግን እንዳልተወው ለአምላኩ ተናገረ፤ ጥቂት ቆይቶም እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲቀመጥና ሲጎነጉን አየ፤ እርሱም መልአክ ነበር። መልአኩ ያሳየው ጸሎቱን የሚያረዝምበትን መንገድ ሳይሆን ቀኑን በትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ ሥራን ከጸሎት ጋር የሚያፈራርቅበትን መንገድ ነው። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረውና በኢትዮጵያ ገዳማት ከመጻሕፍተ መነኮሳት እንደ አንዱ የሚነበበው ማር ይስሐቅ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ጨለማው በበረታ ጊዜ ራሱን ገዝቶ ለጸሎት መውደቅ ያቃተው መነኩሴ በዓቱን ሳይለቅ በልብሱ ተጀቡኖ ያ ሰዓት እስኪያልፍ እንዲተኛ ይመክራል። በጾምና በስግደት የታወቀ መምህር፣ መጸለይ ያቃተውን ሰው «ተኛ» ማለቱ ዛሬም ብዙ የንስሐ አባቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ይህ አስተዋይነት በኋላ ዘመን ደበዘዘ። ዮሐንስ ካስያን በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኤዋግሪዮስን ትምህርት ወደ ላቲን ዓለም ካሻገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን ሲያሻሽል አኬዲያን በሐዘን ውስጥ አስገባው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች ዝርዝር ውስጥ ቦታውን ስንፍና ያዘው። እንክብካቤ ይሻ የነበረው የነፍስ ሁኔታ የሚያስወቅስ ጥፋት ሆነ። በሀገራችንም ሀኬት፣ ማለትም ታካችነት፣ ሲባል መክሊቱን የቀበረው ሰነፍ ባሪያ ብቻ ይታወሳል። ሆኖም ሰነፍ ሰው መሥራት እየቻለ አይፈልግም፤ በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ይፈልጋል፣ አቅም ያጣል፣ ስላልቻለም ራሱን ከማንም በላይ ይከሳል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የታመመውን ሰው ሁለት ጊዜ መምታት ነው።

በእስልምናው ዓለም ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ነው። አል-በልኺ የሰውነትንና የነፍስን ጤና አንድ ላይ በያዘው መጽሐፉ ሐዘንን ለሁለት ከፍሏል፤ አንደኛው ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ማለትም የሚወዱትን በማጣት የሚመጣ ሐዘን ሲሆን፣ ሁለተኛው ያዘነው ሰው ራሱ ምክንያቱን የማያውቀውና ከሰውነት የሚነሣ ነው። የመጀመሪያው በምክርና በማሰላሰል ሲታከም ሁለተኛው ሥጋዊ ሕክምና እንደሚሻ ጽፏል። የደምን ጠባይ በተመለከተ የሰጠው ማብራሪያ የዘመኑ ሕክምና ቢሆንም የክፍፍሉ መሠረት ግን ዛሬም ይሠራል። በሐዲስም ነቢዩ ከጭንቀት፣ ከሐዘን፣ ከአቅም ማጣትና ከታካችነት በአላህ እንደሚጠበቁ መጸለያቸው፣ ተልቢና የተባለው አጥሚት መሰል የገብስ ምግብም የበሽተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ መነገሩ፣ ምግብና ጸሎት ተለያይተው እንዳልታዩ ያሳያል።

ዛሬ «ከሰውነት የሚነሣ» የሚባለው በስም ይታወቃል። የደም ማነስ፣ በአንገት ላይ የሚገኘው የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ቢ12 የተባለው ቫይታሚን እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን ያደክማሉ፣ ስሜቱንም ይጫናሉ፤ አብዛኞቹም በደም ምርመራ ሊታወቁ ይችላሉ። እነዚህ ሳይገኙ የስሜት መጫን ወይም ደስ ይል ከነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ማጣት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለማለት በሚቻል መጠን ከቆየ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ከድካምና ራስን ከመኮነን ጋር ከተባበረ፣ ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል፤ ቀለል ያለው ዓይነት ለሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል ብዙዎች ጠባያቸው ይመስላቸዋል። ድባቴ የያዘው ኢትዮጵያዊ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «አዝኛለሁ» ከማለት ይልቅ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ሰውነቴ ዛለ ብሎ መናገሩ የተለመደ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቶት ከተመለሰ ዋናው ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ኤልያስ ታሪክ ለዚህ ሁሉ ብርቱ ምስክር ነው። በቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደተጻፈው፣ ነቢዩ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ድል ካገኘ በኋላ የንግሥት ኤልዛቤልን ዛቻ ሸሽቶ አገልጋዩን በቤርሳቤህ ተወ፣ ለብቻውም የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። እምነቱን የሚጠራጠር ማን ነው? መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም፣ ለምን ፈራህም አላለውም፤ ዳስሶ ቀሰቀሰው፣ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ገንቦ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ተወው፣ ሁለተኛም መጥቶ መንገዱ ስለሚበዛበት እንዲበላ ነገረው። እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ» ብሎ የጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ኤልያስ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ብቻዬን ቀርቻለሁ ላለው ቃልም ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፣ ኤልሳዕም የሚከተለው ጓደኛ ሆነው። መንፈሳዊው ጥያቄ አልቀረም፤ ከእንቅልፍና ከእንጀራ በኋላ ግን መጣ።

ስለዚህ ጸበልን ከመድኃኒት ጋር የሚያጣላ ምክር መሠረት የለውም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ ያስተምራል፣ የታመመው ሰው መጀመሪያ እንዲጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ያዝዛል፣ ሐኪሙም ራሱ እንደሚጸልይ ይናገራል። በጸበል ቦታ መድኃኒቱን እንዲያቆም የተመከረ ሰው ሕመሙ ሲያገረሽበት የሚወቅሰው መካሪውን ሳይሆን የራሱን እምነት ነው፤ ይህም የድባቴውን ክስ በመንፈሳዊ ቃል ያጸናበታል። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በድንገትም አይቋረጥም፤ የንስሐ አባት ወይም ኡስታዝ በእነዚህ ሳምንታት የታመመውን እየጎበኘ «በርታ፣ ጀምረኸዋልና ጨርሰው» ቢለው ሐኪሙ ሊሰጠው የማይችለውን እርዳታ ይሰጠዋል።

ሞቱን የሚመኝ ሰው ሲገኝ ግን ሳምንታት አይጠበቁም። ይህን የሰማ የንስሐ አባት፣ ኢማም ወይም ወዳጅ ስለ ኃጢአቱ መከራከሩን ትቶ፣ ራስህን ልትጎዳ አስበሃል ወይ ብሎ በግልጽ ሊጠይቀው፣ ገመዱን፣ መርዙንና መሣሪያውን ከአካባቢው ሊያርቅ፣ ብቻውን ሳይተወውም በዚያው ቀን አብሮት ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ይገባል።