ያልደረሰውን መከራ ማሳየት

ከድራማዊ ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ዓይነት ገና ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ያቀርባል። ተዋንያን ሐኪም፣ ባለሥልጣን ወይም ቤተሰቡን የቀበረ አባት ሆነው ለካሜራ ይመሰክራሉ፤ ተራኪው በዜና አንባቢ ድምፅ ረጋ ብሎ ያወጋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ያሳየው «ብሪታንያ የቆመችበት ቀን» የተባለ ፊልም፣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ይደርሳል ብሎ ያሰበውን የትራንስፖርት ውድቀት የተረከው አልፎ እንዳለቀ ታሪክ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ የቆየ ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያስነሣል፦ ነገ የእግዚአብሔር ከሆነ፣ ነገን አይቶ እንደ ተመለሰ ሰው መመስከር በሐሰት መመስከር አይሆንም ወይ?

ጥያቄው ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። የአካባቢው ከተማ ደብረ ብርሃን ራሷ የተቆረቆረችው በምልክት ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሰማይ የታየውን ብርሃን ከአምላክ እንደ ተላከ ተቀብለው በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ መናገሻቸውንም እዚያው አደረጉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። እኚሁ ንጉሥ ግን ጠንቋይንና ሟርተኛን አጥብቀው አሳድደዋል። በሁለቱ ሥራዎቻቸው መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማል። ምልክት የሚያይ ሰው ዛሬ ምን ላድርግ ብሎ ይነሣል። ሟርት የሰማ ሰው ግን ነገሩን እንዳለቀ ቆጥሮ ይቀመጣል።

ትንቢት ራሱ የታሪክ ተዋናይ የሆነበት ጊዜም አለ። «ፍካሬ ኢየሱስ» ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል፤ ተስፋውም በሕዝቡ ዘንድ ሰፊ ነበር። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። በ1848 ዓ.ም. ሸዋ ላይ ዘመቱ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ገና በልጅነታቸው ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። አስቀድሞ የተጻፈው ተስፋ የሚሞላው ሰው አገኘ፤ የሸዋ መናገሻ በነበረችው አንኮበር ላይ የደረሰው ግን በተስፋው ውስጥ ያልነበረ ጦር ነው። ስለ ነገ የሚነገር ታሪክ ከተደማጭነት አልፎ የሚጫወተውን ሰው ሊጠራ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው ዓይነት ትንቢት የዮናስ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም አስቀድማ በምትጾማቸው ሦስት የነነዌ ቀናት ታስበዋለች። ከአንኮበር ቁልቁል በሚገኘው በአልዩ አምባ ያሉ ሙስሊሞችም የነቢዩ ዩኑስን ሕዝብ ያውቃሉ፤ በማመናቸው ቅጣቱ እንደ ተነሣላቸው ቁርኣን ይናገራል። ዮናስ ነነዌ ትገለበጣለች ብሎ ሰበከ፤ አልተገለበጠችም። ይህ ትንቢት የተሳካው ሳይፈጸም በመቅረቱ ነው፤ በሐሰት መመስከር የሚለውን ክስም የሚመልሰው ይኸው ነው። አርስቶትል ነገ ስለሚደረግ የባሕር ውጊያ ዛሬ የሚነገር ቃል ከወዲሁ የግድ እውነት ወይም የግድ ሐሰት ነው ከተባለ፣ ሰው መምከሩና መትጋቱ ከንቱ እንደሚሆን አስተውሎ ነበር። ማስጠንቀቂያ ትርጉም የሚኖረው ነገ ገና ክፍት ሲሆን ብቻ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የእንዲህ ያለው ድራማዊ ዘጋቢ ፊልም አደጋ በቅርጹ ውስጥ ነው። ዘጋቢ ፊልም አመኔታውን የሚያገኘው በእርግጥ የሆነውን ከማሳየቱ ነው። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለብሪታንያ ሕዝብ ያሳየው የወሎ ረሃብ ፊልም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ አቀነባበሩ ግን ፍርድ ሆነ። እውነተኛ ምስል እንዲህ ካደረገ፣ ባለፈ ነገር ድምፅ የሚነገር ምናባዊ መከራ ተመልካቹን ወደ ሟርት ሰሚነት ሊያወርደው ይችላል።

ይሁን እንጂ የሰው ፊት ያለው መከራ ልብ ይነካል። ፒተር ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1965 የሠራው «የጦርነት ጨዋታ» የኑክሌር ጥቃት የደረሰበትን የኬንት አውራጃ ያሳያል። ቢቢሲ እጅግ አሰቃቂ ነው ብሎ እስከ 1985 በቴሌቪዥን ሳያሳየው ቆየ፤ ፊልሙ ግን ኦስካር ተሸለመ። የአሜሪካው ኤቢሲ በኖቬምበር 1983 ያስተላለፈውን «ከዚያ ቀን በኋላ» 100 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው፤ ቀድመው ያዩት ፕሬዚዳንት ሬገንም እጅግ እንዳሳዘናቸው በማስታወሻቸው ጽፈዋል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ሙከራ ፊልም ሳይሆን ምክክር ነበር። ዴስቲኒ ኢትዮጵያ የተባለው እንቅስቃሴ በአመለካከት የሚለያዩ 50 ሰዎችን ሰብስቦ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2040 ልትደርስባቸው የምትችል አራት ዕጣዎችን በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረበ፦ አፄ በጉልበቱ፣ ሰባራ ወንበር፣ የፉክክር ቤት እና ንጋት። አራቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ታላቅ ብልህነት ነው፤ የሚሰማው ሰው የመምረጥ ነጻነቱ ይጠበቅለታልና። የጎደለው ሥጋና ደም ነው። ሰባራው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ በፉክክሩ ቤት ደጅ የሚያድር ሰው በዓይን አይታይም።

ዕጣዎቹ በቀረቡ ዓመት ሳይሞላ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ፤ ደብረ ብርሃንም የብዙ ተፈናቃዮች መጠለያ ሆነች። ከዚህ በኋላ በሰሜን ሸዋ የሚሠራ ማንኛውም የነገ መከራ ፊልም ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው መከራውን ያየ ተመልካች ነው። ለእሱ ቃጠሎን ደግሞ ማሳየት ማስጠንቀቂያ አይሆንም፤ ቁስል መንካት ነው። የሚገባው ከቃጠሎው በፊት የነበሩትን ቀናት ማሳየት ነው፦ ያልተሰማውን ሽማግሌ፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ሳይጣራ የተሠራጨውን ወሬ።

በመጨረሻ ተዋናዩ የግድ አንድን ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ የአጥፊው ስም፣ ቋንቋና ሃይማኖት መወሰን አለበት። እዚህ ላይ የቴዎድሮስ ስም ታሪክ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ማኅበረሰብ ገና ባልሠራው በደል አጥፊ ሆኖ ከተሣለ፣ ጎረቤቱ ከወዲሁ እንደ አጥፊ ያየዋል፤ ክፍሉንም የሚጫወት ይገኛል። ዋትኪንስ ካሜራውን ያዞረው ቦምቡን በጣለው ጠላት ላይ ሳይሆን በራሱ መንግሥት ዝግጅት ማነስ ላይ ነበር። የነነዌም ንጉሥ ስብከቱን ሲሰማ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ የተቀመጠው ራሱ ነው።