በዘፈን የፈሰሰ እንባ

ሰው የሌላውን ችግር በዜማ ሲሰማ ያለቅሳል፤ በዐይኑ ሲያየው ግን ብዙ ጊዜ አልፎት ይሄዳል። ይህ ስለ ምን ይሆናል?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረኀብ እጅግ ብዙ ሰው ሲፈጅ፥ መንግሥት ወሬውን ሸሽጎት ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ስለዚያ ረኀብ የተጫወተው «ዋይ ዋይ ሲሉ» ግን ዛሬም በተሰማ ቍጥር የአድማጩን ልብ ይነካል፤ ዘመኑን ያላየው ወጣት እንኳ ያዝናል። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላልና፥ ለጠገበው የተራበውን ድምፅ ማሰማት የዘፈን ታላቅ ተግባር ነው እንላለን።

ይሁን እንጂ እንባው ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ በካርቴጅ ከተማ ቲያትር እየተመለከተ፥ በሰው መከራ እያለቀሰ ይደሰት እንደ ነበረ ጽፏል። የመድረክ መከረኛ ከተመልካቹ እንጀራ አይጠይቅምና ለቅሶው ዋጋ አያስከፍልም። እኛም ዜማው ሲያበቃ እንባችንን ጠርገን፥ ልባችን ስለ ራራ ብቻ ዕዳችንን የከፈልን ይመስለናል።

የራራ ልብ ግን መንገድ የጀመረ እንጂ የደረሰ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው የረኀቡን ፎቶግራፍ ለሰው ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ኀዘናቸውን ወደ ሥራ ለውጠውታል። በዘፈን ያለቀስንለት ችግረኛ ነገ በቢሮአችን ደጅ ወይም በክፍላችን የኋላ ወንበር ሲገኝ፥ ዜማ የለውም ብለን ድምፁን ችላ ልንለው አይገባንም።